የሰው ስናማስል

ስብሰባ ላይ መቀመጥ አልችልም። ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አልችልም። ሰው ክብ ሠርቶ ሲቀመጥና አንዱ ጉሮሮውን ሲጠርግ እግሬ መነቃነቅ ይጀምራል፤ ዓይኔ በር ፍለጋ ይሄዳል። በዚህ ጠባዬ የተነሣ ዕድርም ማኅበርም አልበረከተልኝም። ሮም ሳለሁ አብረውን ይሠሩ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት "ይቺ ጉንዳን የረገጠች" ይሉኝ ነበር፤ አልተሳሳቱም። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ አለቃና ሰብሳቢ አድርገው የሾሟት።

ነገሩ የሆነው ደርግ አገሩን ጨብጦ በያዘበት ዘመን ነው። ከቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በመኪና ጋራዦች መካከል፣ ግማሹ ከመሬት በታች የሆነ አንድ መጋዘን ነበር። አንሶላ፣ ፎጣ፣ የጠረጴዛ ልብስና ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያው ተቆልሎበታል። እኛ ጠዋት ጠዋት እዚያ እየመጣን በትልልቅ ቦርሳ እንሞላና ቤት ለቤት እየዞርን ለጣልያን እመቤቶች እንሸጣለን። ሁላችንም ከዚያ በፊት የቤት ሠራተኞች ነበርን። የመጋዘኑ ባለቤት የቀጠረንም ለዚሁ ነው፤ "የሲኞራን ቁምሳጥን ከሲኞራዋ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ" ይለን ነበር። ሰውየውን ሁላችንም ዶቶሬ እንለዋለን። ምን እንደተማረ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

አራት ነበርን። ትልቋን ሴት እትዬ እንላቸዋለን፤ አዲስ አበባ አንድ የጣልያን ቤተሰብ ዘንድ ሲሠሩ ኖረው፣ ቤተሰቡ ንብረቱ ተወርሶበት ወደ አገሩ ሲመለስ ይዟቸው መጣ። ሁለተኛዋ የአስመራ ልጅ ነበረች፤ ከሁላችንም ትንሿ፣ አማርኛዋን ከትምህርት ቤት ያገኘችው ስለሆነ ከእኛ ይበልጥ የጠራ፣ ጣልያንኛዋ ደግሞ ሳይደናቀፍ የሚፈስ። ሦስተኛዋ የደሴ ሰው ናት፤ እዚህም የደሴዋ እያልኩ እጠራታለሁ። አራተኛዋ እኔ ነኝ። ጣልያንኛዬ ከትንሿ ያንሳል፣ ዕድሜዬ ከትልቋ ያንሳል፣ ሽያጬ ከሁሉም ያንሳል፤ ድምፄ ጎላ ያለ ስለሆነ ብቻ ዶቶሬ "ካፖ" ብሎ አለቃ አደረገኝ።

ከአራታችን ሻጭ ማለት የደሴዋ ነበረች። ዕቃዋን አታሞግስም። ሲኞራዋ ግቢ ካለቻት ትገባለች፣ አንሶላውን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ታኖርና ዳሩን በጣቷ እየዳሰሰች ዝም ትላለች። ዝምታው ሲበዛ ሲኞራዋ ራሷ መናገር ትጀምራለች፤ እናቷ ለሠርጓ ስለሰጠቻት አንሶላ፣ በጦርነቱ ጊዜ ስለተሸጠው አልጋ ልብስ፣ ስለማትጠይቃት ምራቷ። የደሴዋ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማታለች። ስትወጣ ቦርሳዋ ይቀላል።

ይህ ሥራ ለእኛ ለሦስታችን ከሰው ኩሽና የማምለጫ መንገድ ነበር። ለእሷ ግን ልጇ ነበረች። በዚያ ዘመን በሰው ቤት አድራ የምትሠራ ሴት፣ ፊሳ የምንላት ማለቴ ነው፣ ልጅ ይዛ መኖር አትችልም። ልጆቻችን በመነኮሳት አዳሪ ቤት፣ በኢስቲቱቶ ያድጋሉ፤ እናታቸውን የሚያዩት እሑድ ከሰዓት ነው። የደሴዋ ሻጭ ስትሆን ከእኔ ጋር ፒኜቶ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራየንና ልጇን ከመነኮሳቱ አወጣቻት። ልጅቷ ከእናቷ ጋር መኖር ጀመረች እንጂ ኢስቲቱቶው ከላይዋ አልወጣም። ውኃ ለመጠጣት እጇን ታነሣለች። ሽንት ቤት ለመሄድ እጇን ታነሣለች። ገበታ ላይ ቁጭ ብላ፣ ትንሿን እጇን አንሥታ፣ እናቷ እስክታያት ድረስ ዝም ብላ ትጠብቃለች። እናቷ ባየቻት ቁጥር ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ሥራው ከቆመ እናት ወደ ፊሳ፣ ልጅ ወደ መነኮሳቱ እንደሚመለሱ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የፈረንጆች ገና ካለፈ በኋላ ገበያው ሞተ። ዝናቡ አያባራም። በውጭ በሩ ስልክ፣ በቺቶፎኖው "ማን ነው?" ይላሉ፣ "አንሶላ..." ሳንል ይዘጋል። የየሕንጻው ዘበኛ ሴትዮ፣ ፖርቲዬራዋ፣ ገና ከሩቅ ስታየን መጥረጊያዋን ታነሣለች። ቀትር ላይ ጣቢያው ውስጥ ካለው ማሞቂያ አጠገብ እንገናኝና እርጥብ ጫማችንን እያየን እንቀመጣለን። ማንም ቀድማ መነሣት አትፈልግም። እኔ መቀመጥ ስለማልችል እነሣለሁ፤ ግን የትም አልሄድም፣ የባቡር መነሻ ሰሌዳው ሥር እንቆራጠጣለሁ። የቦሎኛው ባቡር ይጮኻል፣ የፔስካራው ይጮኻል፤ አንዱ ላይ ዘልዬ ብወጣስ እላለሁ። ምን ልሠራ? ፔስካራም አንሶላ አላቸው።

አንድ ጠዋት ዶቶሬ ቁርጡን ነገረን። ጣልያን ሴቶች ለፋሲካ ቤታቸውን ከጣሪያ እስከ ወለል ያጸዳሉ፣ አሮጌውን ጥለው አዲስ ይገዛሉ። "እስከ ፋሲካ አያችኋለሁ። ካልሆነ ሥራውን ፉርጎኔ፣ የዕቃ መኪና፣ ላላቸው ወንዶች እሰጠዋለሁ" አለ። ከዚያ ሚላኖ ለሽያጭ ኮርስ ሄደ። የተመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው።

"የጎደላችሁ ሞራል ነው!" ብሎ ገባ። ወንበሮቹን አስነሣ፣ ክብ አሠራን። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመውጣታችን በፊት እናጨበጭባለን፣ እሱ "ፎርዛ!"፣ በርቱ፣ ሲል እኛ "ፎርዛ!" እንላለን፣ ከዚያ የሳምንቱ ምርጥ ሻጭ ስም ይጠራል። ፎቶዋ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከፎቶው በላይ የወርቅ ወረቀት ኮከብ ይለጠፋል። ይህን ሁሉ ሲነግረን ፊቱ እያበራ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ክፋት አላሰበም።

እኛ እርስ በርስ ተያየን። ክቡን እናውቀዋለን። ጭብጨባውን እናውቀዋለን። እሑድ ጠዋት ቀበሌ ስብሰባ ያልተገኘ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር በማያገኝበት አገር ያጨበጨብን ሰዎች ነን፤ አጨብጭቡ ሲሉን መቼ መጀመርና መቼ ማቆም እንዳለብን የሚያስተምረን አያስፈልግም። ዶቶሬ "ፎርዛ!" ብሎ ሲጮህ የእትዬ ግራ እጅ ጭብጥ ሆኖ ብድግ ሲል አየሁት። ደንግጠው ወዲያው አወረዱትና ነጠላቸውን ያስተካከሉ መሰሉ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቅ ይገድለኝ ነበር።

መጀመሪያ የተሰቀለችው የደሴዋ ነች። ፎቶዋን አሳድጎ በሩ ፊት ለፊት ለጠፈው፣ ኮከቡን ከአናቷ በላይ አደረገው። አጨበጨብን። እሷ ቆማ አየችው፤ ፊቷ ላይ ደስታም ኩራትም አልነበረም። እትዬ ጠጋ ብለው "እንትፍ እንትፍ በይበት፣ የሰው ዓይን መጥፎ ነው" አሏት። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የደሴዋ መሸጥ አቆመች። እንደ ሞላ የወጣው ቦርሳ እንደ ሞላ ይመለሳል። ዶቶሬ ነገሩ ግራ ገባውና ፎቶዋን አውርዶ የአስመራዋን ልጅ ሰቀለ። እሷም ወዲያው አቆመች። ለብቻዋ ወስጄ ስጠይቃት ዓይኗን ሰብራ "እትዬ እዚህ ቆመው እኔ ግድግዳ ላይ? ኧረ ነውር አይደለም እንዴ? በጌታ! ሰው ምን ይለኛል?" አለችኝ። የተሰቀለ ሁሉ ወደቀ። ዶቶሬ ወደ እኔ ዞረ፦ "አሎራ፣ ካፖ፣ ሞራላቸውን አንሺ እንጂ! አንቺ ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ።"

እኔም ላነሣ ተነሣሁ። ከሥራ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰብኳቸውና ንግግር አደረግሁ። ተቆጣሁ። ፋሲካ ደረሰ አልኩ፣ ለራሳችሁ አስቡ አልኩ፣ የሚያዋጣው ጉብዝና ነው አልኩ፣ ጠረጴዛውን መታሁ። "ችግሩ ምንድን ነው? እያንዳንዳችሁ ተነሥታችሁ ተናገሩ!"

ጸጥ አሉ። ያ ጸጥታ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ከዚያ የደሴዋ ተነሣች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች፣ ወለሉን እያየች፣ ለእኔ ባልሆነ ድምፅ እንዲህ አለች፦

"ድክመት አለብኝ። ድክመቴን አምናለሁ። እታረማለሁ።"

ጠረጴዛውን የመታውን እጄን ሰበሰብኩ። ግለ ሂስ እያደረገች ነበር፤ እኔም ሳላውቀው የቀበሌ ሊቀመንበር ሆኜ ቆሜያለሁ። የአስመራዋ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ "ኧረ በስመ አብ" አሉ ቀስ ብለው። ስብሰባው ተበተነ ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

የደሴዋ ትራም ፌርማታው ላይ ደረሰችብኝ። ወደ ፒኜቶ አብረን ተሳፈርን። ሰው ሞልቶ ስለነበር ቆመን ነው የሄድነው፤ እሷ ብረቱን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ጭጋጋሙ መስተዋት አድርጋ አወራችኝ።

"ባሌ አዲስ አበባ ፋብሪካ ይሠራ ነበር" አለች። "ሥራ ይወድ ነበር፣ ሌላ ነገር አያውቅም። ኮከብ ሠራተኛ አሉት። ፎቶውን ዋናው በር ላይ ሰቀሉት፣ እኔም ሄጄ አየሁት፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ኮከብ ስለሆንክ የማኅበሩ መሪ ሁን አሉት። እንቢ ይባላል? ሆነ። አንደኛው ወገን ባንዳ አለው፣ ሌላኛው ወገን አናርኪስት አለው። ሊወስዱት የመጡት ሰዎች መልኩን አያውቁትም ነበር። ከበሩ ላይ ፎቶውን አይተው ነው የገቡት።"

ትራሙ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ።

"በነጋታው ሄጄ 'ባሌ የት ነው?' ብዬ ጠየቅሁ። ያልጠየቅሁት ሰው የለም። አብሮት ምሳ የሚበላው ሰው እንኳ 'አናውቀውም' አለኝ። ሁሉም 'አናውቀውም'። ፎቶው እዚያው ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ!"

ሰው ማጽናናት አልችልበትም፤ እኔ የምችለው መናደድ ነው። በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። ክንዷን ያዝኳት። ፌርማታችንን አልፈን እንደሄድን ያወቅነው ትራሙ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሹፌሩ ሲያስወርደን ነው። ዝናቡን እየጠጣን በእግር ተመለስን፤ ቤት ስንደርስ ልጅቷ ገበታው ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦው ከፊቷ ሆኖ፣ እጇን አንሥታ ነበር።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ መጋዘን ገባሁና የተሰቀለውን ፎቶ ከነኮከቡ አወረድኩት። ዶቶሬ ደርሶ ባዶውን ግድግዳ ሲያይ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። ጣልያንኛዬ ስናደድ ይሻሻላል። "ይህ ለእኛ ሞራል አይደለም፣ መርዝ ነው። ጭብጨባውንም ተወው። እስከ ፋሲካ ለእኔ ልቀቅልኝ" አልኩት። "ምን ልታደርጊ?" አለኝ። ምንም የማደርገው ነገር አልነበረኝም። "ታያለህ" ብዬው ወጣሁ።

ያን ቀን ከእትዬ ጋር አንድ ሕንጻ ደረሰን። እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች ልንጀምር ተስማማን። እኔ ከታች ሁሉም ዘጉብኝና ደረጃውን ስወጣ እትዬን አንድ በር ላይ አገኘኋቸው። በሩ ተከፍቷል፣ ሲኞራዋ ቆማለች፣ እትዬ ደግሞ የጨው ሐውልት ሆነዋል። ሃያ ዓመት የጣልያን ልጅ ያሳደጉ ሴት፣ "እባክሽ ግዢኝ" የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አልወጣ ብላ። ሲኞራዋ በሩን መልሳ ልትዘጋው ነው። መታገሥ የት አውቄ! ከኋላ ዘልዬ ገባሁበት።

"ሲኞራ፣ እኒህን ሴት ይዩዋቸው!" አልኩ። "የሰው ልጅ አሳድገው፣ ዳይፐር አጥበው፣ የሕፃን ለቅሶ ሰምተው የኖሩ ናቸው። እጃቸው መጥፎ ጨርቅ ነክቶ አያውቅም። እኒህ ሴት ይህን አንሶላ መርጠው ካመጡ እርስዎ አገላብጠው ማየት አይጠበቅብዎትም!"

ሲኞራዋ እትዬን አየች። እትዬም በሐፍረት አንገታቸውን ደፉ፤ ያ አንገት መድፋት ከእኔ ንግግር ሁሉ በለጠ። ገባን። ስንወጣ የእትዬ ቦርሳ ግማሽ ሆኗል። ደረጃው ላይ እትዬ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ ድረስ።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አለ ያገሬ ሰው! የአንቺ ቦርሳ ምን ሆነ?"

የእኔ ቦርሳ ከጠዋት እንደተቋጠረ ነበር። ያ ተረት እኔን ለመስደብ ስንት ጊዜ እንደተባለ እግዜር ይቁጠረው። ዛሬ ግን ደረጃው መሃል ቆሜ አሰብኩበት።

"እንግዲያውስ የእኔን እርስዎ ያማስሉልኝ" አልኳቸው።

"ምን?"

"የሚቀጥለውን በር እርስዎ ይናገሩልኝ። ለእኔ።"

አዩኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። የሚቀጥለውን ደወል የደወሉት እሳቸው ናቸው፤ ለራሳቸው አንድ ቃል ያልወጣቸው ሴት ለእኔ ያልተናገሩት አልነበረም። የተከበረ ቤተሰብ ልጅ ነኝ። ዳንቴል በእናቴ ሆድ ሳለሁ ተምሬያለሁ። ጨዋ ነኝ፣ ዝምተኛ ነኝ። ዝምተኛ ሲሉኝ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ከንፈሬን ነከስኩ። ሲኞራዋ ገዛች። ወርጄ መንገድ ላይ ቆሜ እጄን ስጨባብጥ አስታውሳለሁ፤ ደስታ እንኳ አያስቀምጠኝም።

ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ዶቶሬ ሚላኖ ድረስ ሄዶ ያጣው ነገር ከእኛ ጋር ነበር። እኛ ዘንድ ለራሱ ሚስት የሚጠይቅ ወንድ አለ? ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ደግሞ ሙሽራው ቢሰማ አፍሮ መሬት የሚገባበትን ሙገሳ ያለ ሐፍረት ይደረድራል። ራስን ማሞገስ ነውር ነው፤ ሰውን ማሞገስ ግን ቁም ነገር ነው። እኛን ለብቻ ለብቻ በር ላይ አቁመው ራሳችሁን አድንቁ ሲሉን ነው አፋችን የተያዘው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ሁለት ሆነን መውጣት ጀመርን። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ የምትናገረዋ ለራሷ አትሸጥም። አንደኛዋ ቦርሳ ይዛ ዝም ትላለች፣ ሌላኛዋ ለእሷ ትናገራለች፤ የሚቀጥለው በር ላይ ይገለበጣል። አጋሮቻችንንም በየቀኑ እንለዋወጣለን። ቀትር ላይ ማሞቂያው አጠገብ ስንገናኝ ማን ስንት ሸጠች የሚባል ወሬ ጠፋ፤ ወሬው ማን ማንን ምን ብላ አሞገሰች ሆነ። የአስመራዋ ልጅ የደሴዋን "ይህች ሴት በአገሯ ንግሥት ናት፣ እዚህ ዝም የምትለው ለዚህ ነው" ብላ አንዲት ባለ ውሻ ሲኞራ አስለቅሳ ነበር። እትዬ ተንበርክከው መስቀል መሳም ብቻ ነው የቀራቸው። እንደ ቀልድ እንጀምራለን፣ እንደ እውነት እንጨርሳለን። ሳቃችን እየበዛ መጣ።

የሚገርመው የደሴዋ መናገር መጀመሯ ነው። ለራሷ ዝምታ ነበራት፤ ለሌላው ግን አንደበት ወጣላት። አንድ ቀን ለእኔ ስትናገር ሰማኋት። "ይህች ሴት አትቀመጥም" አለቻት ለሲኞራዋ። "ቤቷ ገብታ እንኳ አትቀመጥም። ልጄ ስትታመም ሌሊቱን ቆማ ያደረችው እሷ ናት።" እንዲያ ብሎ የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ፊቴን ወደ ደረጃው አዞርኩ።

ፀደይ ሆነ። ጣልያኖች ፍራሻቸውን በረንዳ ላይ መምታት ጀመሩ፣ መጋዘኑም እየጎደለ ሄደ። ለዶቶሬ የምነግረው ድምሩን ብቻ ነው። "ማን ሸጠችው?" ሲለኝ "ሁላችንም" እላለሁ። ይበሳጫል፤ ግን እየሳቀ ነበር የሚበሳጨው።

በፋሲካቸው ሳምንት ዶቶሬ በርግብ ቅርጽ የተጋገረ ኬክ ይዞ ገባ። አመሰገነን፣ ቆረሰልን። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እግሬም ጀመረኝ። ሽያጩ ስለሰመረ ሥራውን ሊያሰፋ ነው፣ ከፉርጎኔዎቹ ሰዎች ጋር ሊሸርክ ነው። ሰዎቹ የራሳቸው ሻጮች አሏቸው። ከእኛ የሚያስቀረው አንዷን ብቻ ነው፤ ግን በትክክለኛ ኮንትራት፣ በወረቀት፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ፔርሜሶዋን፣ እሱ ራሱ ሊያስተካክልላት። "ምርጧ ትቀራለች። እናንተ ደባለቃችሁብኝ እንጂ! አሎራ፣ ንገሩኝ፤ ማን ናት?"

ይህን ያህል ለፍተን ያተረፍነው አንድ ወንበር መሆኑን ስሰማ የያዝኩትን ኬክ ጠረጴዛው ላይ መልሼ አኖርኩት። ዶቶሬ እትዬን አያቸው።

"አናውቅም" አሉ እትዬ።

የአስመራዋ ልጅን አያት። "ኖን ሎ ሶ። አላውቅም።"

የደሴዋም "አላውቅም" አለች፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ።

ዶቶሬ ትከሻውን ነቀነቀ። "ቫ ቤኔ፣ እሺ። ካልነገራችሁኝ ካፖዋን እወስዳለሁ። ያተረፈልኝ የእሷ ሐሳብ ነው" ብሎ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። የሰው ኩሽና፣ በሕንጻው መሃል ወዳለው ጨለማ ጉድጓድ የሚከፈተው መስኮት፣ የሐሙስ ከሰዓት ዕረፍት፣ ሁሉም ከኋላዬ ሲቀር ታየኝ። ከዚያ የደሴዋን አየኋት። ወለሉን እያየች ነበር። ገበታው ላይ የተነሣችው ትንሿ እጅ ታየችኝ። እኔ በሕይወቴ ጣቴን ወደ ሰው ቀስሬ አላውቅም፤ በእኛ ዘመን ጣት የተቀሰረበት ሰው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ተነሣሁና ጣቴን ወደ እሷ ቀሰርኩ።

"እሷ ናት" አልኩ።

እትዬ አዩኝ። ገባቸው። እጃቸውን አንሥተው ወደ እሷ ጠቆሙ። "እሷ ናት።" የአስመራዋ ልጅም ጠቆመች። "ሌይ። እሷ።"

ሦስት ጣት ወደ እሷ ሲዘረጋ የደሴዋ ፊት አመድ ሆነ። ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገች። ሁላችንንም በየተራ አየችንና በአማርኛ "ምን አደረግኋችሁ?" አለች።

እንዲያ ያለ ድምፅ ድጋሚ አልሰማም ብዬ ነበር። እትዬ ናቸው ሄደው የያዟት። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው "ልጄ፣ ሮም ነው ያለሽው። ይህ ጣት የሚያስቀርሽ ከልጅሽ ጋር ነው፣ ሌላ የትም አይወስድሽም" አሏት። ያን ጊዜ አለቀሰች። ዶቶሬ ኬኩን እንደያዘ ቆሞ፣ ሴት በደስታዋ ለምን እንዲህ እንደምትሆን አልገባውም። ማጽናናት የመሰለውን አደረገ፤ ፎቶዋንና ኮከቡን ከመሳቢያው አውጥቶ ሊሰቅል መዶሻ ፈለገ።

"ይሰቀል" አለች የደሴዋ ዓይኗን ጠርጋ። "ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሩት።"

ዶቶሬ እኔን አየኝ። "አዙረው" አልኩት። አዞረው። ሚስማሩን መትቶ ከበሩ ፊት ለፊት የወረቀቱን ነጭ ጀርባ ሰቀለ፣ ከላዩ ኮከቡን።

እኔ ወደ ፊሳ ተመለስኩ፤ ከቴቬሬ ወንዝ ማዶ፣ ባለ ብዙ ክፍል ቤት። እትዬም ተመለሱ፣ የአስመራዋ ልጅ ወደ ሌላ አገር ሄደች። ፒኜቶ ያለው ቤት ለእናትና ልጅ ቀረ። የተመለስኩበትን ቤት አልወደድኩትም። በኩሽናውና በኮሪደሩ መካከል እንደ ታሰረ ፈረስ እመላለስ ነበር፤ ሲኞራዋ "ለአንድ ደቂቃ ተቀመጪ እንጂ!" ትለኛለች።

በጋው አልፎ ቅዝቃዜ ሲጀምር አንድ ጠዋት በሩ ተደወለ። ስከፍት የደሴዋ ናት፤ ትልቁን ቦርሳ ይዛ፣ አዲስ ኮት ለብሳ። ሲኞራዋ ከኋላዬ ቆማ ስለነበር ሁለታችንም እንደማንተዋወቅ ፊታችንን ዘጋን። "ቦንጆርኖ ሲኞራ" አለች የደሴዋ፣ ከዚያም እንደ ልማዷ ዝም። ሲኞራዋ "ሁሉም ነገር አለን፣ ግራሲዬ" ብላ ልትመለስ ዞረች።

"ሲኞራ" አልኩ። "ይቅርታ፣ ግን ይህን ዳር ይዩት። አንሶላውን ከሚያጥብ ሰው በላይ ማን ያውቃል? የእኛዎቹ ከሁለት እጥበት በኋላ ምን እንደሆኑ እርስዎም ያውቃሉ። የዚህች ሴት ዕቃ ግን... ፊቷን ይዩት፣ ይህ ፊት ይዋሻል?" ቀጠልኩ። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ቀጠልኩ። እኔ፣ ለራሴ አንድ ፎጣ መሸጥ ያቃተኝ! ሲኞራዋ በመጨረሻ እጇን አወናጭፋ እየሳቀች የገንዘብ ቦርሳዋን ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች።

የደሴዋ አንሶላዎቹን እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ በሹክሹክታ "ትናንት" አለችኝ። "ማቀዝቀዣውን ራሷ ከፍታ ወተት ጠጣች። ሳታስፈቅድ። እጇንም አላነሣች።"

"ምን አልሻት?"

"ምንም። እሷ ስትጠጣ ቁጭ ብዬ አየኋት።"

የሲኞራዋ ኮቴ ተሰማ። ስትመለስ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች።

"ታውቂያታለሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ኖ ሲኞራ" አልኩ። "አላውቃትም።"